«ሲስተሙ ነው» መልስ አይሆንም

ባንክም ሆነ ወረዳ ጉዳይ ለማስፈጸም የተሰለፈ ሰው «ሲስተሙ አልተቀበለውም» የሚለውን መልስ በደንብ ያውቀዋል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ ስክሪኑን ያያል፤ ባለጉዳዩ ከማን ጋር እንደሚከራከር ግራ ይገባውና ወረቀቱን አጣጥፎ ይወጣል። ያ ሲስተም እስካሁን ቢከፋ የሚቋረጥና ሰው የሚያመላልስ ነበር። አሁን ግን የሚመዝንና የሚመርጥ ሲስተም መጥቷል። ብድር ማን ያግኝ፣ ለሥራ ማን ይጠራ፣ ፖሊስ ማንን ይጠርጥር ለሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልስ አለው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ሥነ ምግባር ሲነሳ ወሬው ቶሎ ብሎ ሮቦት የሰውን ልጅ ይገዛል ወይስ አይገዛም ወደሚለው ይሄዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ዛሬውኑ ያለ ነገር ነው፤ ሰዎች በሰው ላይ የሚወስኑትን በማሽን ስም አስተላልፈው ተጠያቂው ሲጠፋ። ማሽን ሥራ ሊያግዝ ይችላል። ኃላፊነት ግን የሰው ነው፤ ለማሽን አይተላለፍም።

ሆላንድ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። በዚያ አገር የሚሠሩ ወላጆች ልጆቻቸውን ለሕፃናት ማቆያ ሲሰጡ መንግሥት ከክፍያው ከፊሉን ይደጉማቸዋል። የግብር መሥሪያ ቤቱ ማጭበርበርን ለመከላከል በሚል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለማመልከቻዎች የጥርጣሬ ነጥብ የሚሰጥ፣ ካለፉ መረጃዎች እየተማረ የሚሠራ ፕሮግራም መጠቀም ጀመረ። ነጥቡ ከሚሰላባቸው መመዘኛዎች አንዱ አመልካቹ የሆላንድ ዜግነት ያለው መሆን አለመሆኑ ነበር። ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ማመልከቻ ለሠራተኛ ይመራል፤ ሠራተኛው ግን ፕሮግራሙ ሰውየውን ለምን እንደጠረጠረው አይነገረውም። የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው።

ፎርም ላይ አንድ ፊርማ የጎደለባቸው ወላጆች ሳይቀሩ እንደ አጭበርባሪ ተቆጥረው ለዓመታት የወሰዱትን ድጎማ በሙሉ መልሱ ተባሉ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ላይ ይህ ደረሰ። ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ወይም የስደተኛ ልጆች ነበሩ። ዕዳው ቤት አሸጠ፣ ትዳር በተነ። ከተጎዱት ቤተሰቦች ልጆች መካከል ከሺህ በላይ የሚሆኑት ከወላጆቻቸው ተለይተው እንዲያድጉ ተደረገ። ወላጆቹ «ምን አጠፋን?» ብለው ሲጠይቁ የሚመልስላቸው አላገኙም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ መንግሥት በዚሁ ጉዳይ ሥልጣን ለቀቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በግብር መሥሪያ ቤቱ ላይ የ2.75 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ።

ጥፋቱን ሁሉ ፕሮግራሙ ላይ ማላከክ እውነቱን ማጣመም ነው። ሕጉ ራሱ ምሕረት አልነበረውም፤ ባለሥልጣናቱ አጭበርባሪ ለመያዝ ቸኩለው ነበር፤ በስደተኛ ላይ ያለው ጥርጣሬም ከፕሮግራሙ በፊት የነበረ ነው። ፕሮግራሙ የሠራው ያንን ጥርጣሬ ንጹሕ ቁጥር ማልበስ ነው። ሰው «እነዚህ ሰዎች አይታመኑም» ቢል አድልዎ ተብሎ ይከሰሳል። ኮምፒውተር «ከፍተኛ ሥጋት» ሲል ግን ሁሉም ዝም ይላል።

አድልዎው ከየት ይመጣል ለሚል፣ አዲስ አበባ የተወለደችው የኤአይ ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው ጥናት ጥሩ መልስ አለው። የሦስት ኩባንያዎችን የፊት መለያ ፕሮግራሞች ፈተሹ። በፎቶው ላይ ያለው ሰው ወንድ ነው ወይስ ሴት የሚለውን ለመለየት ፕሮግራሞቹ ቆዳቸው በነጣ ወንዶች ላይ የሚሳሳቱት ከ100 አንድ ጊዜ እንኳ በማይሞላ መጠን ነበር። ቆዳቸው በጠቆረ ሴቶች ላይ ግን የአንዱ ስህተት እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የሚሠለጥኑባቸውና የሚፈተኑባቸው የፎቶ ስብስቦች በአብዛኛው የነጣ ቆዳ ባላቸው ሰዎች የተሞሉ ነበሩ። ማሽኑ ያላሳዩትን ሰው አያውቅም።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ አቅራቢያ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ በሚስቱና በትናንሽ ሴት ልጆቹ ፊት በካቴና ታስሮ ተወሰደ። ምርመራውን ወደ እሱ ያዞረው የፊት መለያ ፕሮግራም ነበር፤ ሱቅ ውስጥ በካሜራ የታየውን ሌባ ከእሱ ፎቶ ጋር አመሳስሎታል። በኋላ እንደተናገረው፣ የሌባውን ፎቶ ፊቱ አጠገብ አድርጎ ሲያሳያቸው ከመርማሪዎቹ አንዱ ኮምፒውተሩ ሳይሳሳት አልቀረም አለ። ሰውየውን ያሰረው ግን ኮምፒውተር አልነበረም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2024 በስምምነት ሲዘጋ፣ የከተማዋ ፖሊስ ከእንግዲህ በፊት መለያ ውጤት ብቻ ሰው እንዳያስር ተወሰነ። አንድ ሰው ዝም አልልም ስላለ የፖሊስ አሠራር ተቀየረ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አሁን ወደ ዕለት ተዕለት ኑሯችን እንምጣ። ኤአይ ጥቅም የለውም የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ውጭ አገር የሚኖሩ እናት ከልጃቸው ትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ ስልካቸው በአማርኛ ሲያስረዳቸው አይቻለሁ፤ ለእሳቸው ነፃነት ነው። ችግሩ የሚጀምረው መልሱን ማንም ሳያጣራው ውሳኔ ሲሆን ነው።

አንዲት አክስቴ በቅርቡ የደም ግፊት መድኃኒቷ እያዞራት ተቸገረች። የልጅ ልጇ ጥያቄውን ስልኩ ላይ ላለ ኤአይ ጽፎ መልሱን አነበበላት። አንድ እጇ የመድኃኒቱን ፓኬት ይዟል፣ ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው። መልሱ ረጅም ነው፤ ምክንያቶቹ በተራ ተዘርዝረዋል፤ አማርኛው ይፈሳል። «እንዲህ አሳምሮ የሚያስረዳ ይሳሳታል ብለህ ነው?» አለችው፤ ኪኒኑን ለሁለት ልትከፍለው ነበር። ልጁ ግን አልተወም፤ ሰፈር ላለው ፋርማሲስት ደወለለት። ፋርማሲስቱ መልስ ከመስጠቱ በፊት ጠየቀ፦ «እትዬ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» የስኳር መድኃኒት ትወስዳለች። ስልኩ ይህን አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። ፋርማሲስቱ ምንም ሳትቀንስ ሐኪሟ ጋ እንድትሄድ አደረገ። እሱ ስም አለው፣ የሙያ ፈቃድ አለው፤ ቢያጠፋ የሚጠየቅበት ሕግ አለ። እምነት ሊጣል የሚገባው እንዲህ ባለው ላይ ነው።

የተማረ ሰው አይሸወድም እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የተባለ የኤአይ ፕሮግራም የፈጠራቸውን፣ በዓለም ላይ የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አቤቱታ አስገቡ። አንዱ ጠበቃ ውሳኔዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን ያጣራው መልሶ ያንኑ ማሽን በመጠየቅ ነበር። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጧቸው፤ ቅጣቱ የወደቀው በማሽኑ ሳይሆን በሰዎቹ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። ማሽኖቹ የተማሩበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ የሚለው የአባቶቻችን ምክር ለዚህም ይሠራል።

አገራችንም ከዚህ ሩቅ አይደለችም። በስልክ ያለ መያዣ ብድር የሚሰጡ አገልግሎቶች የደንበኛውን የገንዘብ እንቅስቃሴ በኮምፒውተር አስልተው ነው ለማን ስንት እንደሚገባ የሚወስኑት። በፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የጣት አሻራችንን፣ የዓይናችንንና የፊታችንን ምስል ሰጥተናል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሕግ መኖሩ መልካም ነው። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውለው ግን የምንጠይቅ ሰዎች ስንኖር ነው። መርካቶ ያለች ነጋዴ ብድር ስትከለከል ምክንያቱን በሚገባት ቋንቋ የማወቅ፣ ስህተት ካለ ይግባኝ የምትልበት ሰው የማግኘት መብት ሊኖራት ይገባል። የዩኔስኮ አባል አገራት እ.ኤ.አ. በ2021 ባጸደቁት የኤአይ ሥነ ምግባር ሰነድም የመጨረሻው ተጠያቂነት ሁልጊዜ የሰው ወይም የተቋም እንዲሆን ተስማምተዋል።

ስለዚህ ፕሮግራም የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች፣ ሥራችሁን ሰው ላይ ከማዋላችሁ በፊት ማንን እንደሚጎዳ ፈትሹት፤ የገጠሯን ሴት፣ ፊደል ያልቆጠረውን ሽማግሌ፣ አማርኛ የማይናገረውንም ወገን ጨምራችሁ። የተቋም ኃላፊዎች፣ ማሽኑ ያወጣውን የሚመረምርና የመሻር ሥልጣን ያለው ሰው መድቡ። እኛ ተጠቃሚዎችም ያላጣራነውን አናጋራ፤ የሌላ ሰው ሕመም፣ ፎቶና ምሥጢር ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለማሽን አንስጥ።

በሰው ላይ የሚወሰን ነገር ሁሉ ግርጌው ላይ የሰው ስምና ፊርማ ይኑረው። ስሙን ለማስፈር የሚፈራ ሰው ካለ፣ ውሳኔውን ገና አልመረመረውም ማለት ነው።