ከራሱ በፊት ግንዱን

ደቡብ ኮሪያ፣ ከሴኡል አጠገብ ባለችው ጎያንግ ከተማ፣ በረዶውን ትቼ ሞቃቱ የቁልቋል ማሳደጊያ ቤት ገባሁ። ደማቅ ቀይና ቢጫ ቁልቋሎች በአረንጓዴ ግንድ ላይ ተጣብቀው ተደርድረዋል። ቀዩ ራስ አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ምግቡን መሥራት አይችልም፤ ዕድሜ ልኩን የሚመግበው ከታች ያለው ግንድ ነው። ግንዱ ከሞተ እሱም ይሞታል።

ለገበያ የሚዘወተረው ባለ ሦስት ጠርዙ የድራገን ፍሬ ግንድ ነው። ቶሎ ያሳድጋል፤ ብርድ ግን አይችልም፣ በጥቂት ዓመታትም ይደክማል። ከአንዲስ ተራሮች የመጣው ሳን ፔድሮ ብርዱን ይችላል፤ ለረጅም ዓመታትም ይሸከማል።

ለልጅ ልጅዎ ሲገዙ እንግዲህ ከቀለሙ በፊት ግንዱን ይዩ። ባለ ሦስት ጠርዙን ገዝተው ከሆነም፣ ግንዱ መድከም ሲጀምር ቀዩን ራስ ሳይበሰብስ ቆርጦ ሳን ፔድሮ ላይ ማጣበቅ ይቻላል። ልጁም «ቁልቋሌ ሞተ» ብሎ አያለቅስም።