ሰሙ ጭፈራ፣ ወርቁ እሪታ

«ቦርን ስሊፒ» የተባለውን የዳንስ ዜማ ስሙን ሳታውቁት ሰምታችሁት ይሆናል። አንደርወርልድ የተባለው የእንግሊዝ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1995 በአንድ ነጠላ ዜማ ጀርባ አወጣው፤ በአልበም ውስጥ አላስገባውም። ርእሱ የአንድ የእሽቅድምድም ውሻ ስም ነው። በ1996 «ትሬንስፖቲንግ» በተባለው ፊልም ከተሰማ በኋላ እንደ ገና ወጥቶ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ሆነ።

በየአዳራሹ ሕዝቡ የቢራ ጣሳውን ወደ ላይ እያነሣ፣ ቢራ ቢራ የሚለውን ክፍል ከዘፋኙ ጋር በአንድነት ይጮኽ ነበር። ግጥሙን የጻፈው ካርል ሃይድ ግን በዚያን ጊዜ የመጠጥ ሱስ የያዘው ሰው ነበር፤ በለንደኑ የሶሆ ሰፈር ሰክሮ ባደረበት ሌሊት አእምሮው የቆራረጠውን ነው በቃል ያስቀመጠው። ዜማው የመጠጥ መዝሙር መሆኑ እንዳሳዘነው፣ እርሱ የጻፈው የድረሱልኝ ጥሪ እንደ ነበር ከጊዜ በኋላ ተናግሯል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚከብደው፣ ባለቅኔው ራሱ በመድረክ ላይ ቆሞ ወርቁን የሚፈታለት አንድ ሰው ማጣቱ ነው።

የምንኖርባት ቤይሩትም በሌሊት ጭፈራዋ የታወቀች ናት። ከወደቡ አጠገብ ባለችው ካራንቲና፣ ቤርናር ኩሪ የተባለው አርክቴክት የነደፈው ቢ 018 የተባለ የዳንስ ቤት በ1998 ተከፈተ። የተሠራው ከመሬት በታች ነው፤ ጣሪያው ሲከፈት ሰማይ ይታያል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከባሕር የመጡ መንገደኞች ተለይተው ከሚቆዩበት ማቆያ ሲሆን፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ በጥር 1976፣ ብዙ ነዋሪዎቹ ተገድለውበታል። ነሐሴ 4 ቀን 2020 የደረሰው የወደቡ ፍንዳታም ይህንኑ ሰፈር ክፉኛ መታው። በዚያ አፈር ውስጥ ለሚጨፍር ወጣት ይህን ሁሉ የሚነግረው ከበሮ የለም። አልወቅሰውም፤ ሰው መደሰት አለበት።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዳንስ ቤቱ ይልቅ የየቤቱ በረንዳ ነው። አንዲት እህታችን ምንጣፍ እያራገፈች ትዝታ ታንጎራጉራለች። ደመወዟ ስንት ወር እንዳልተከፈለ፣ እናቷ ታማ እንደ ሆነ፣ ስልኳ ተወስዶባት እንደ ሆነ አይታወቅም። ማዳም ከሳሎን ሆና ትሰማና ለእንግዶቿ በዓረብኛ፣ «ዛሬ ደስ ብሏታል፣ ትዘፍናለች» ትላለች። በክፋት ላይሆን ይችላል፤ የምትሰማው ዜማውን ብቻ ነው።

ከማዶ ፎቅ መስኮት የምትወለውለው ሌላዋ ሐበሻ ግን ጨርቋን ታስቀምጥና አንገቷን ታወጣለች።

«እኅቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?»