የ14 ቀኗ ሳህን

የእትብት ደም ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ በጀመርንበት ዘመን ቀናችን የሚዞረው በአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ሳህን ዙሪያ ነበር። ከደሙ ጥቂት ሴሎች ወስደን እንደ ማር ከሚዝለገለገው ሜቲልሴሉሎስ ጋር እንቀላቅልና 37 ዲግሪ ወደሚሞቀው ኢንኩቤተር እናስገባለን። ከዚያ 14 ቀን መጠበቅ ነው። ሳህኗ ማይክሮስኮፕ ሥር ስትገባ ትዕግሥታችን ይካሳል፦ ቀይ ደም የሚያፈሩት ቀላ ብለው ተጠጋግተው፣ ነጭ የሚያፈሩት ፈካ ብለው ተበታትነው ይታያሉ። እያንዳንዱ ክምር የአንዲት ሴል ዘር ነው፤ እኛም ክምሮቹን እንቆጥራለን።

ዛሬ ዋናው ምርመራ ሲዲ 34 የተባለውን የሴል ምልክት ፍሎው ሳይቶሜትር በተባለ ማሽን መቁጠር ነው። ውጤቱ በዚያው ቀን ይደርሳል። ሳህን በሚዘጋጅበት ቦታም ቢሆን ቆጠራው ለካሜራና ለኮምፒውተር እየተተወ ነው። ማሽን አይደክመውም፤ አይጨቃጨቅም።

እኛ እንጨቃጨቅ ነበር። ሁለት ሰው አንዱን ሳህን ቆጥሮ እኩል ቁጥር ካመጣ፣ አንዱ የሌላውን ወረቀት አይቷል ተብሎ ይጠረጠራል። "አንቺ ሁለት ያልሽው እኮ አንድ ነው!" "መነጽርህን ጥረገውና ድገመው!" ክርክሩ ግን ከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1988 ፓሪስ፣ ሴንት ሉዊ ሆስፒታል፣ ዶክተር ኤሊያን ግሉክማን ፋንኮኒ አኔሚያ የተባለ የደም በሽታ ለያዘው ልጅ የእህቱን የእትብት ደም ሲሰጡ፣ ያን ደም አስቀድመው የመረመሩትና ያቀዘቀዙት ኢንዲያናፖሊስ የነበሩት ሃል ብሮክስማየር ናቸው። ደም አፍሪዎቹን ሴሎች የቆጠሩትም በእንዲህ ዓይነት ሳህን ነው። በኋላም የኒው ዮርክ ደም ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ የታማሚውን ማገገም ከጠቅላላው የሴል ብዛት ይልቅ የእነዚህ ሴሎች ብዛት አጥርቶ እንደሚተነብይ አሳዩ።

ትንበያችን ትክክል ነበር፤ የሚደርሰው ግን ዘግይቶ ነው። በንቅለ ተከላው ዕለት ከቀለጠው ደም የዘራነው ሳህን ሲቆጠር፣ ታማሚው ደሙን ከወሰደ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ያን ጊዜ "የደሙ ከረጢት ደካማ ነበር" ብሎ ለሐኪሙ መንገር ሙያም ድፍረትም ይጠይቃል። አሁን ከከረጢቱ ጋር ከተያያዘችው ቀጭን ቱቦ ጥቂት ደም ቀድሞ ይቀልጥና፣ ከረጢቱ ከእትብት ደም ባንኩ ሳይወጣ ይፈተሻል። ይህን ትርፍ የሚክድ የለም። ኪሳራውም አለ፦ ማሽኑ የሞተውን ሴል ለይቶ ይጥላል፤ በቅዝቃዜው ተጎድቶ መራባት ያቃተውን ግን ምልክቱ ስላለ ብቻ ከደህናው ጋር ሊቆጥረው ይችላል። ሳህኗ ምልክት አትጠይቅም ነበር፤ ሠርተህ አሳየኝ ነው የምትለው።

ያኔ የእትብት ደም ተስፋው ትልቅ ነበር። ከታማሚው ጋር ሙሉ በሙሉ ባይመሳሰልም ስለሚሠራ፣ የመቅኒ ለጋሾችን መዝገብ አገላብጠው ተመሳሳይ ላላገኙት ደራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ነጭ አሜሪካዊ በመዝገቡ ሙሉ ተመሳሳይ ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 75 በመቶ፣ ከአፍሪካ የመጣ ሰው ግን 18 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ዋሽንግተን ያለው ያገራችን ሰው ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ግልጽ ነው።

አሁን ለዚያ ሰው በግማሽ የሚመሳሰለው እናት፣ ወንድም ወይም ልጅ ለጋሽ ሆኖ ይበቃዋል። የእትብት ደም ጥራቱን መለየት በተካንን ሰዓት ፈላጊው ቀነሰ።

የእትብት ደሙም ቢሆን ዝም ብሎ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ የፈቀደችው፣ የእስራኤሉ ጋሚዳ ሴል የሠራው ኦሚዱቢሴል፣ የእትብት ደም ሴሎችን ላቦራቶሪ ውስጥ አባዝቶ የሚሰጥ ነው። በሙከራው ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በተለመደው የእትብት ደም 22 ቀን ሲፈጅባቸው፣ በእርሱ በአማካይ በ12 ቀን አገግመዋል። እንግዲህ እኛ በኦሚዱቢሴል የታከመን ሰው ዕጣ ልንተነብይ ሳህን ብንዘራ፣ ሳህኗ ለቆጠራ ስትደርስ እርሱ ካገገመ ሁለት ቀን አልፎታል።