በሬ የማይገባበት ዘጌ

ጣና ዳር ጥንታዊ ጫካ ማየት የፈለገ ሰው ዘጌ ይሂድ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በአፋፍ ከተማ በኩል የሚያስገባ የመኪና መንገድም አለ። በጀልባ የሚሄድ ማለዳ ቢነሣ ይሻለዋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ሞገዱ ያንገላታል።

በጀልባ ለሚመጣ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ቅርብ ናቸው። ሁለቱም ዛፍ የለበሱ ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ክብራንን ሴት አትረግጠውም፤ እንጦስ ግን የሴቶች ገዳም ስለሆነ ለሁሉም ክፍት ነው። ዘጌ ራሱ በአንድ ወገን ከየብስ የተያያዘ ባሕረ ገብ መሬት ነው። አኗኗሩ ግን የደሴት ነው፤ የራሱ ሕግ አለው።

ሕጉን ያስረዱኝ ዕድሜያቸውን ቡና ሲለቅሙ የኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ወሬ ይወዳሉ፤ አንዱን ሲጠይቋቸው ሦስቱን ይመልሳሉ። ዘጌ አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም አሉኝ። "አባባ፣ ጥጃ እንኳ አታሳድጉም?" ብላቸው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከል አድርገው፣ "ልጄ፣ ጥጃ ሲያድግ በሬ ይሆናል። በሬ ሞፈር ይጠራል። ሞፈር የገባ ዕለት ይህን ዛፍ አታገኘውም" አሉ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አቡነ በትረ ማርያም ተሻገሩ። ጻድቁ በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ሕዝቡም ሳያርስ በእነዚህ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተሰጠው። አዛውንቱ ይህን ሲናገሩ የትናንት ጉዳይ ነው የሚመስለው። እኔም የማምነው በዓይኔ ስለማየው ነው፤ ዛሬም የዘጌ ሰው ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ሽጦ እህሉን ይሸምታል።

የዚህ ሥርዓት ብልሃቱ ቀላል ነው። ቡና ጥላ ይወዳል፤ ጥላውን የሚሰጠው ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሰሳውና እሼው ነው። ስለዚህ ዛፉን የሚቆርጥ ሰው የገዛ ቡናውን ፀሐይ ያስመታል። መሬቱ ስለማይገለበጥ የረገፈው ቅጠል እዚያው ይበሰብሳል፣ አፈሩን ያለብሳል፣ ርጥበቱን ይይዛል። በረት ስለሌለ ችግኝ የሚግጥ ከብት የለም።

እኔ በዘጌ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ከኡራ ወደብ ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣውን የእግር መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ ከላይ ዛፉ ስለተገጣጠመ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ጥላ ነው። ጦጣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። በልቀማ ወቅት በየደጃፉ ጀንፈል ተሰጥቶ ይታያል፤ እፍኝ አንሥቶ ለሚያሸት ጠረኑ ጣፋጭ ፍሬ ፍሬ ይላል። ብርብራ ሥር የወደቀውን ደረቅ ቆባ የሚያነሣ ሰው፣ በውስጡ ያለው ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲነሰነስ ዓሣ እንደሚያደነዝዝ አስጎብኚው ይነግረዋል።

ስለ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች፣ ስለ በላዔ ሰብእም ሆነ ስለ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስና አንበሶቻቸው፣ ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። ከአዝዋ ማርያም እስከ ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖት ያሉት አድባራት ሁሉ ግን ጫካውን በግዝት አስጠብቀውታል። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ላይ መጥረቢያ ማንሣት እዚህ ነውር ብቻ አይደለም፣ ኃጢአት ነው።

ይህ ማለት ዘጌ እንከን የሌለበት ታሪክ አለው ማለት አይደለም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዘጌ ቡና ትልቅ የንግድ ዕቃ በነበረበት ጊዜ፣ ቡናው በባሪያዎች ጉልበት ጭምር ይለማ ነበር። እነዚያ ሰዎች ስማቸው በየትኛውም ግድግዳ ላይ አልተጻፈም፤ ጫካውን ስናመሰግን እነሱንም ማሰብ ይገባናል።

በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናንና አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበ። ያኮራል። ዘጌ ግን ምዝገባው ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጥብቅ ሥፍራ ነበረ፤ አጥርና ጠባቂ ሳይኖር ቃል ብቻ ጠበቀው። በአገራችን ተፈጥሮን ስለመጠበቅ የሚማር ካለ ትምህርቱን ከዚህ ይጀምር እላለሁ።

ቃሉ ግን ሆድ ሲርብ ይፈተናል። የቡና ዋጋ ሲወድቅ ማገዶ ይቆረጣል፤ እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲቀዝፍ ማየት ለብዙ ዘመን የተለመደ ነው። ቆራጩን መውቀስ አይከብድም፤ መፍትሔው ግን ቡናው እንዲያበላው ማድረግ ነው።

ስለዚህ ወደ ዘጌ የምትሄዱ ሁሉ የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ አድርጉ፣ ከመንገዱ አትውጡ፣ ለአድባራቱ የሚከፈለውን ሳትከራከሩ ክፈሉ። ቡናውን ከለቃሚው እጅ ግዙ። የባሕር ዳር ሰው ሆይ፣ አንተ ደግሞ ከዘጌ ቡና ግዛ፤ እንጨቱን ተው።