በሩን የያዘው ማን ነው?

ሰው ሲሰደድ ሙያውን ይዞ ይሰደዳል። ቤቱና ንብረቱ ወደ ኋላ ቢቀሩም የተማረው ነገር አብሮት ድንበር ይሻገራል። በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት የምትገኘው ቱነይድባ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ኢትዮጵያውያን የተከፈተች መጠለያ ስትሆን፣ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ መምህሩም፣ ትምህርቱን ያቋረጠው ተማሪም በአንድነት የሰፈሩባት ናት።

ከነዚህ ተማሪዎች አንዱ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርቱን ለመጨረስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የተሰደደ ነው። በእጁ ያለችው አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ናት፤ ባትሪዋም የምትሞላው ፀሐይ በፈቀደች መጠን ነው። የተማረው እንዳይጠፋበት ሲል፣ እጅግ ብዙ መረጃን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ከፋፍሎ የሚያስቀምጠውን ሃዱፕ የተባለ ሶፍትዌር በዚያችው በአንዲቱ መሣሪያ ላይ ጫነ። ከነጋዴዎች እየጠየቀ በደብተር የመዘገበውን የማሽላና የሰሊጥ ዋጋም ለሳምንታት እየተየበ አስገባበት። መረጃው ለሃዱፕ ኢምንት ነው፤ ለእርሱ ግን ትልቅ ሥራ ነበር።

አንድ ቀን አገልግሎቱ አልነሳም አለ። በሥራ ላይ ያሉትን የሚዘረዝረው ጄፒኤስ የተባለው ትእዛዝ ዳታኖድን ቢያሳይም ኔምኖድን አላሳየም። ኔምኖድ የትኛው ፋይል በየትኛው ሥፍራ እንደተቀመጠ የሚያውቀው የመዝገብ ቤት ሹም ነው፤ እርሱ ከሌለ መረጃው በዲስኩ ላይ ቢኖርም የሚያገኘው የለም። ጓደኛው፣ «ምን ያደክምሃል? ፎርማት አድርገውና እንደ አዲስ ጀምር» አለው።

ምክሩ የተለመደ ነው፤ አደገኛም ነው። ኔምኖድን ፎርማት ማድረግ የመዝገብ ቤቱን መዝገብ እንደ ማቃጠል ነው። በዚህም አያበቃም፤ አዲሱ ኔምኖድ አዲስ መለያ ስለሚይዝ፣ የቀድሞውን መለያ የያዘው ዳታኖድ አላውቅህም ብሎ ይቀራል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል።

ባትሪዋ እየወረደች ብትሆንም ወጣቱ አስቀድሞ ሎግ የተባለውን የሥራ መዝገብ ከፈተ። መዝገቡ ረጅም ነው፤ ነገር ግን ከመጨረሻው ወደ ላይ ሲነበብ ቁም ነገሩ ቶሎ ይገኛል። አድራሻው ተይዟል ይላል፤ የተያዘውም ፖርት 9000 ነው። ፖርት ማለት በኮምፒውተር ላይ ያለ፣ ቁጥር የተሰጠው በር ነው። ቁጥሮቹ እስከ 65535 ይደርሳሉ፤ ሆኖም በአንድ አድራሻ ላይ አንዱን በር ሁለት አገልግሎቶች በአንድ ጊዜ ሊይዙት አይችሉም። ኤስኤስ በተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ በሩን የያዘው ማን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ሚኒዮ የተባለ ሌላ የፋይል ማከማቻ ሆኖ ተገኘ። ባለፈው ሳምንት ለሙከራ ጭኖት፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ አድርጎት ነበር። የሚኒዮ የተለመደ በር 9000 ነው፤ በሃዱፕ የጀማሪዎች መመሪያ ላይ ለኔምኖድ የሚሰጠውም ይኸው 9000 ነው። ሁለቱም አላጠፉም፤ ቀድሞ የደረሰው ገባ፣ ዘግይቶ የመጣው ውጭ ቀረ።

እንዲህ ያለው ግጭት ጀማሪውን ብቻ የሚያጋጥም አይደለም። የስፓርክ ማስተር ድረ ገጽም፣ ከ3.5 ወዲህ ያለው የዙኪፐር የአስተዳደር አገልግሎትም ሳይለወጡ ሲቀሩ 8080ን ይፈልጋሉ። የሃዱፕ ሠሪዎች ራሳቸውም ለብዙ ዓመታት የኔምኖድን ድረ ገጽ በ50070 ላይ አኑረውት ነበር። ይህ ቁጥር ሊኑክስ ለጊዜያዊ ግንኙነቶች ከሚያድላቸው ቁጥሮች መካከል በመሆኑ፣ አገልግሎቱ አንድ ቀን ይነሣል፤ ሌላ ቀን በሩን ተይዞ ያገኘዋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በወጣው ሃዱፕ 3 ላይ ቁጥሩን ወደ 9870 አዛወሩት።

ማዛወርም ሥርዓት አለው። በሩን የያዘውን ሳያውቁ በግድ መግደል፣ ምናልባት መረጃ በመጻፍ ላይ ያለን አገልግሎት መሃል ላይ መቁረጥ ይሆናል። ወጣቱ አመዛዘነ፤ የኔምኖድ ቁጥር ቢለወጥ ዳታኖዱም፣ በእርሱ የሚገለገሉት ፕሮግራሞችም ሁሉ አዲሱ ቁጥር ሊነገራቸው ይገባል። ሚኒዮን ግን ገና የሚፈልገው የለም። ስለዚህ ሚኒዮን በሥርዓቱ አቁሞ ወደ 9010 አዛወረው፤ ኔምኖድን አስነሣ፤ የሳምንታት ድካሙም እንዳለ ተገኘ።

ቤቱን ለቆ የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቦታ መለወጥ መጥፋት አይደለም፤ የሚጠፋው አዲሱ አድራሻው ለሚፈልጉት ያልተነገረለት ነው። ወጣቱም የሰሊጥ ዋጋ በሚመዘግብበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ሁለት ዓምድ አሰመረ፤ በአንዱ የበሩን ቁጥር፣ በሌላው የባለቤቱን ስም ጻፈ። አዲስ አገልግሎት ከመጫኑ በፊት የሚያየው ያንን ገጽ ነው።