የእናቴ ነጠላ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሲል

ገና ሲቃረብ አፍንጫዬ ቀድሞ የሚያስታውሰው ዶሮ ወጡን አይደለም። ቅርንፉዱን ነው፤ የእናቴ ነጠላ ላይ የነበረውን ቅርንፉድ። ቅርንፉድና ነጠላ ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ያዙና አረፍ በሉ።

ያደግሁት አሰላ ነው። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ለብርዱ ግን ሌላ አገር ነው። የጭላሎ ተራራ ከኋላችን ቆሞ የሌሊቱን ቁር ሁሉ ወደ እኛ የሚልከው ይመስለኝ ነበር። ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይተኛል፤ በባዶ እግሩ የረገጠው ልጅ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ወሩ ግን የጥጋብ ወር ነው። ስንዴው ታጭዷል፣ ገብሱ ውድማ ላይ ነው፣ ከተማው ጠርዝ ድረስ የጭድ ሽታ ይመጣል።

አባዬ አናጺ ነበር፤ የሚሠራውም ካዱ። የዛሬ ልጆች ካዱ ሲባል ግራ ይገባቸዋል። በ1960 ዓ.ም. መንግሥታችንና ስዊድኖች ተባብረው ያቋቋሙት የጭላሎ እርሻ ልማት ነበር። ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ይሰጥ፣ ወተት ይሰበስብ፣ የአርሲን ላም ከፈረንጅ ኮርማ ያዳቅል ነበር። ለእኛ ለልጆቹ ግን ካዱ ማለት ፀጉራቸው እንደ ደረሰ ስንዴ የነጣ ልጆች ማለት ነበር። አጥር ላይ ተንጠልጥለን እናያቸዋለን፤ እነሱም ያዩናል። በዚህ ዓይነት ብዙ ተዋውቀናል።

አንድ ቀን ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አባዬ ከሥራ ሲገባ በብብቱ የቆርቆሮ ሣጥን ይዞ መጣ። መደርደሪያ የሠራላት አንዲት ስዊድናዊት፣ እሱ ማዳም የሚላት ሴትዮ፣ ለልጆችህ ብላ የሰጠችው ነው። ክዳኑን ሲከፍተው ቤቱ ሻይ ሻይ አለ። ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድ። ምድጃው ላይ ግን ሻይ አልተጣደም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው በልብና በኮከብ ቅርጽ የተቆረጠ ስስ ቡናማ ብስኩት ነው። ሻይ እንዴት አድርጎ ደርቆ ብስኩት እንደሆነ እያሰብሁ ቆሜ ቀረሁ።

«ዛሬ ገናቸው ነው» አለ አባዬ።

«ገና? ገናማ ገና ነው!» አልሁት፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

እውነቴን ነበር። የእነሱ ዋዜማ በእኛ ታኅሣሥ 15 ላይ ይውላል፤ የእኛ ገና ደግሞ 29። እኛ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያትን ጾም ይዘናል። እኔም ሰባት ዓመት ስለሞላኝ ሥጋና ወተቱን ትቼ እስከ ቀትር መቆየት ጀምሬ ነበር፤ በዚያም በጣም እኮራ ነበር። እናቴ ብስኩቱን አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው።

«ቅቤ አለበት?»

«አለበት፤ ጠይቄያታለሁ» አለ አባዬ።

እኔ የፈራሁት ትመልሰዋለች ወይም ለሰው ትሰጠዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ክዳኑን ቀስ ብላ ገጠመችና «የሰው እጅ አይመለስም፤ ጾምም አይፈታም። ይቆይ» አለች። የክት ልብሷ የሚቀመጥበትን ትልቁን የእንጨት ሣጥን ከፈተች፣ ብስኩቱን በነጠላዎቿ መካከል ሸጎጠችው፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ ካለው ክር ጋር አሰረችው።

አሥራ አራት ቀን! አሁን አሥራ አራት ቀን ምን አላት? ያን ጊዜ ግን ጭላሎን በእግር የመውጣት ያህል ነበረች። ሰው ሳያየኝ እሄድና አፍንጫዬን ከሣጥኑ የቁልፍ ቀዳዳ ላይ እለጥፋለሁ። በዚያች ቀዳዳ በኩል ቀጭን የቅርንፉድ ጭላንጭል ትወጣለች። ሽታ ያስገድፋል ወይ ብዬ አያቴን ጠይቄአታለሁ። ጭንቅላቴን ዳብሳ «ሽታ የእግዜር ነው፣ ልጄ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሳልደበቅ ነው ያሸተትሁት።

በእነዚያ ቀናት ማታ ማታ አባዬ ከማዳም ቤት ያየውን ይነግረን ነበር። ሠራተኞቹን ሁሉ ጠርታ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ሞልታዋለች። መካከል ላይ ቀይ ሆኖ የተጠበሰ የአሳማ ታፋ አለ። ከተጠራው ክርስቲያንም እስላምም አለ፤ አሳማ የሚበላ ግን አንድም ሰው የለም። ማዳም ወዲያው ገብቷት ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ወሰደችው፤ በምትኩ የተቀቀለ ድንችና ዳቦ አቀረበች፣ በኮምጣጤና በስኳር የተነከረ ዓሣም ጨመረች። ዓሣ በስኳር! እናቴ ደጋግማ አስነገረችው። ከሁሉ በላይ የገረመን ግን የሩዙ ገንፎ ነው። በወተት ይሠሩትና አንዲት አልሞንድ የሚሏትን ለውዝ መሳይ ፍሬ ውስጡ ይደብቃሉ፤ ፍሬዋ የደረሰችው ሰው በሚመጣው ዓመት ያገባል ይባላል። አክስቴ፣ ያኔ ያላገባችው፣ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና «እስቲ ሩዝ ግዙ» ማለቷ እስከ ዛሬ ይታወሰኛል።

ከአጥራችን ወዲያ የሐጂ ቤት ነበር። ባለቤታቸውን እኛ ልጆቹ አዴ ነበር የምንላቸው። በእነሱና በእኛ መካከል ያለው አጥር ቁልቋል ነው፤ እሱም አንድ ቦታ ላይ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው፤ ማን እንደከፈተው ማንም አይናገርም፣ ማንም ደግሞ አልዘጋውም። ሥጋችን ግን ለየብቻ ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ማንም አይቀየምበትም። ስለዚህ እናቴ ለገና ዶሮ ስትገዛ አንዱ አውራ ዶሮ ነፍሱ ሳይወጣ፣ እግሩ እንደታሰረ፣ በዚያ ቀዳዳ ይሻገራል። እነሱ በራሳቸው ሥርዓት አርደው ይሠሩታል። በዒድ ደግሞ ከእነሱ ወደ እኛ ይመጣል። ዶሮውን የማሻገር ሥራ የእኔ ነበር። የክንፉ ሙቀት ብብቴ ውስጥ፣ የልቡ ምት ክንዴ ላይ። አዴ ከእጄ ተቀብለው ጉንጬን ይስሙኛል፤ ከእጃቸው ወይራ የታጠነ ጮጮ ይሸታል።

ያን ዓመት ታዲያ እናቴ ገና አምስት ቀን ሲቀረው አባዬን እንደገና ወደ ማዳም ላከችው። ብስኩቱ ውስጥ ያለው ስብ የላም ቅቤ ብቻ መሆኑን፣ የአሳማ ሞራ የሚባል ነገር እንዳልገባበት ጠይቆ እንዲመጣ። አባዬ ፈረንጅ ቤት ደጋግሞ መሄዱ ከብዶት «አሁን ይህን ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» ብሎ ነበር። እናቴ አልተወችውም። «የሐጂ ልጆች ዓይናቸው እያየ ልጆቼ ብቻቸውን አይበሉም። እነሱንም በማያውቁት ነገር አላበላሽም» አለችው። ሄደ፤ ጠየቀ። ማዳም የምትጋግርበትን የካዱን ቅቤ ከነመጠቅለያው አውጥታ አሳየችው።

ልጅ ሆኜ ይህ ነገር ተራ መላላክ ነበር። አሁን ስንቱን ሌሊት አስቤዋለሁ።

የገና ዋዜማ ቤታችን ጭስና ሽንኩርት ነው። ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ ይከተፋል፤ ቁሌቱ ቀይ ሆኖ እስኪቀልጥ ማንም ጓዳ ገብቶ አያወራም። ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት የነጠረው የአርሲ ቅቤ ሽታው ከደጅ ይቀበላችኋል። ዶሮው አሥራ ሁለት ብልት ሆኖ ይወጣል፤ አያቴ እየቆጠረች ነው፣ አንዱ ቢጎድል የሙያ ጉድለት ነው። ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎበታል። ጠላው የሰፈራችን ገብስ ነው፤ ጋኑ ጥግ ላይ ሆኖ ለራሱ ያጉተመትማል።

ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እናቴ ሣጥኑን ከፈተች፣ ነጠላዋን አውጥታ ደረበች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከስሯ ተሸጉጬ ቆምሁ። ቅዳሴው ረዥም ነው፤ ዕጣኑ ከላይ ይወርዳል፣ ከእናቴ ነጠላ ደግሞ ቀረፋና ቅርንፉድ ይወጣል። ሁለቱ ሽታዎች አፍንጫዬ ላይ ተገናኙ። አጠገባችን የነበሩ አንዲት አሮጊት ዞር ብለው «ምን ዓይነት ሽቶ ነው፣ ልጄ?» አሏት። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሳቋን ዋጠች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጎህ ሳይቀድ ገባን። ፈረሰኛው ለአባዬ፣ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ እንቁላል። አንድ ብልት ደግሞ ለእንግዳ ተብሎ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ፖላንዶች በገና ዋዜማ ማዕዳቸው ላይ ላልታሰበ እንግዳ አንድ ትርፍ ሳህን እንደሚያስቀምጡ ያወቅሁት ጎልምሼ ነው፤ ስሰማ ያች ድስት ውስጥ የምትቀር ብልት ናት ፊቴ ድቅን ያለችው። ሲነጋ ከአዴ ቤት እርጎ በጮጮ፣ ጩኮም በቅቤ ታሽቶ መጣ። የሐጂ ልጆች በቀዳዳው ገቡ። ሣጥኑ ተከፈተ። ኮከቡን እኔ ወሰድሁ፣ ልቡን የሐጂ ትንሿ ልጅ። ጣዕሙ? ለአሥራ አራት ቀን ካሸተትሁት ጋር ሊወዳደር አልቻለም። ደስታው ግን ያው ነበር። ከሰዓት የገና ዱላችንን ይዘን፣ ሩራችንን እየጠለዝን፣ ገለባው ሜዳ ላይ እስኪመሽ ድረስ ተራወጥን። እነዚያ ፀጉረ ነጫጭ ልጆችም ያን ቀን አጥር ላይ አልቀሩም፤ አንዱ ዱላ ተሰጥቶት ገባ።

ዓመታት አለፉ። ስዊድኖቹ ወደ አገራቸው ገቡ፣ ዘመኑ ተለወጠ። ታላቅ ወንድሜ በደርግ ጊዜ እርሻ ሊማር ኪየቭ ሄደ። ሲመለስ ከነገረን ሁሉ የማልረሳው አንዲት የገጠር አሮጊት ቤት ያሳለፈውን የገና ዋዜማ ነው። የዩክሬኖችም ገና ያኔ በእኛው ቀን ይውል ነበር፤ ዋዜማውን ሥጋና ወተት የሌለው አሥራ ሁለት ዓይነት ምግብ ያቀርባሉ፣ ቁጥሩ በሐዋርያት ነው። መጀመሪያ የሚቀመሰው የተቀቀለ ስንዴ ነው፣ ማር የፈሰሰበት። «ንፍሮ!» አለች እናቴ። «አዎ፣ ንፍሮ» አላት። «ቀምሼው አለቀስሁ። አሰላ ያለሁ መሰለኝ።» እ.ኤ.አ. በ2023 ዩክሬኖች በዓላቸውን ወደ ዲሴምበር 25 ሲያዛውሩ ወንድሜ ደውሎ ነገረኝ። ዘመድ ሰፈር የለቀቀ ያህል ነበር ድምፁ።

ጃፓኖች ደግሞ፣ አብዛኞቹ ክርስቲያን ሳይሆኑ፣ ከ1974 (እ.ኤ.አ.) የኬንታኪ ዶሮ ቤት ማስታወቂያ ወዲህ ገናን በተጠበሰ ዶሮ ያከብራሉ፤ ቀድመው የሚያዙ አሉ። እናቴ ብትሰማ አሥራ ሁለት ይወጣዋል ወይ ብላ ትጠይቅ ነበር።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ነው። ዶሮው ታርዶ፣ ብልቱ ወጥቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል፤ ደከም ሲለኝ እኔም ገዝቼው አውቃለሁ። አጥር የለንም፤ ስለዚህ ቀዳዳም የለንም። ከላዬ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ከባሌ የመጣች እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ደረጃ ላይ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ ያለፈ አልነበረንም።

ባለፈው ገና ዋዜማ ገበያ ወጥቼ ሁለት አውራ ዶሮ ገዛሁ። አንዱን እግሩን አስሬ፣ በብብቴ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። እንደ ድሮው ክንፉ ይሞቃል፣ ልቡ ክንዴ ላይ ይመታል። በሩን የከፈተችው ትንሿ ልጅ ናት። ዶሮውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ በሁለት እጇ አቅፋ ተቀበለችኝ። እናቷ ከኋላ መጥታ ምንም አልጠየቀችኝም። ገብቷታል፤ ባሌ አገርም እንዲሁ ነው ለካ። «ግቢ እንጂ፣ እናቴ፤ ቡና እየተቆላ ነው» አለችኝ።

ያን ዶሮ ልጆቹ አላሳርድ አሉ። እስከ ጥምቀት ድረስ ንጋት ላይ ከራሴ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆኖ ሲጮኽ እሰማው ነበር።