ከከሚሴ የሄደው ፍሬሽ

የከሚሴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለመጀመሪያው እረፍት ሲመለስ ሹመቱ ቀድሞት ደርሶ ይጠብቀዋል። ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ይለዋል። ጎረቤት ከፌስታል ውስጥ የክኒን ማሸጊያ አውጥታ «እስቲ እያት ልጄ፣ ይቺ የቁርስ ናት የራት?» ትለዋለች። ልጁ በዚያ ሴሚስተር የተማረው ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊና ፊዚክስ ነው። ቢሆንም ያነብላታል። ያነበበው እንግሊዝኛ ስለሚችል እንጂ ሕክምና ስለሚያውቅ አይደለም። እሷም ብትሆን ከፋርማሲው መስኮት ያጣችው ይህንኑ ነው፤ ቆም ብሎ የሚያነብላት ሰው።

*

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ልጅ ሲያልፍ የግሉ ማለፍ ሆኖ አይቀርም። አጎት ያግዛል፣ ዘመድ ያዋጣል፣ መስጊድ ዱዓ ይደረግለታል። ችግሩ ያዋጣ ሁሉ በምርጫውም ድምፅ አለኝ ማለቱ ነው።

*

የጋራ ኮርሶች የሚሰጡበት የፍሬሽማን ዓመት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ተመልሷል። ጤና ሊማር የመጣ ሁሉ በዚሁ በር ይገባል፤ ገብቶም ያማርራል። «ባዮሜዲካል ሳይንስ ልማር መጥቼ የአዋሽን ተፋሰስ ልሸምድድ?» ይላል አንዱ። ሸምድዶም ደህና ውጤት ያመጣል። ነገር ግን ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ቦርከና ውስጥ እንደሚገባ፣ ቦርከናም የጨፋን ረግረግ አቋርጦ እዚያው አዋሽ እንደሚደርስ ማንም አልጠየቀውም። እሱም አልጠየቀም። ከብቱን ያጠጣበት ውኃ እኮ ነው።

*

በከሚሴ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ተመራማሪዎች የልጆችን ሰገራ መርምረው የአንጀት ቢልሃርዚያ አግኝተዋል። ትሉ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። የመስኖ ቦይ ሊጠርግ የገባ ገበሬ፣ ልብስ የምታጥብ እናት፣ ሊዋኝ የዘለለ ልጅ ሁሉ ሊያዙ ይችላሉ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በዘመቻ ይታደላል። ልጆቹ ተሰልፈው ምልክት በተደረገበት እንጨት ቁመታቸው ይለካል፣ ስንት ክኒን እንደሚወስዱም በዚያው ይወሰናል። ክኒኑ ትሉን ይገድላል፤ ልጁ በማግስቱ ቦርከና ከገባ ግን ዳግም ከመያዝ አያድነውም።

አሁን ፍሬሽ የሆነው ልጅ ከዚያ እንጨት ስር ቆሞ ያውቃል። ክኒኑ እንደሚመር ያስታውሳል። ስለ በሽታው ግን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የሰማው ገና ስሙን ነው። ዶርም ውስጥ የተመራማሪውን የአክሊሉ ለማን ታሪክ የነገረው ሰው የለም። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። ከዚያ በፊት ስንቱ የተማረ ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል! እሱ ግን ቆሞ «ለምን ሞቱ?» አለ፤ ዕድሜውን የፈጀው በዚሁ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ወሰደ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለ የምርምር ተቋም ዛሬ በስሙ ይጠራል። የሥራው መነሻ የልብስ ማጠቢያ ነበር፤ እንዲህ ያለ ማጠቢያ ደግሞ ከሚሴም ሞልቷል።

*

ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው ግመል፣ ፍየልና የአፋር ነጋዴ በአንድ ሜዳ ያያል። በበጋ ደግሞ ጨፋ ከሩቅ በመጡ ከብቶች ይሞላል። ሰውና እንስሳ በአንድ ውኃ፣ በአንድ አቧራ ይከርማሉ፤ ወተቱም ብዙ ጊዜ ሳይፈላ ይጠጣል። ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ላጥና ለሚል ልጅ ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ የት ይገኛል? ልጃችንን ግን «ወደፊት ምን ላይ ትሠራለህ?» ብትሉት «የልብ ስፔሻሊስት» ይላችኋል። ልብ ጥሩ ነው፣ ክፉ አልወጣኝም። ብቻ ጎረቤቱ የሚታመመው በልብ ብቻ አይደለም።

*

ከሚሴ ባለችበት ዞን ልጁ አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ ይማራል፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ፣ ገበያውን በአማርኛ ያስኬዳል። ከዚያው ዞን ከአርጡማ ፉርሲ ወደ ደሴ ለሕክምና የሄዱ አዛውንት ሕመማቸውን በኦሮምኛ ይናገራሉ፤ ሐኪሙ በአማርኛ ይጠይቃል፣ ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። መሐል ላይ ቆሞ የሚያገናኘው አብሯቸው የሄደው ተማሪ ነው። «ሆዴን ይቆርጠኛል» እና «ሆዴን ይነፋኛል» ቢምታቱበት የሚታዘዘው ምርመራ ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህ ችሎታ በየትኛውም ትራንስክሪፕት ላይ ነጥብ የለውም።

*

ግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ ወሬው ዶርም ድረስ ገባ። ቸካዮቹ ሳይቀሩ ደብተር ዘግተው ስልክ ላይ አፈጠጡ። ወላጅ «ሐኪም ከሆንክ አብሽር፣ አልቆልሃል» ብሎ የላከው ልጅ፣ ያለቀላቸው ሐኪሞች የቤት ኪራይ ሲያማርሩ ሰማ። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና የሚሉት አለ፤ ተምሮ መጨረስና መመረቅ ተለያይተዋል። ለቤት ሲደውል ግን ይህን አይናገርም። «ትምህርት እንዴት ነው?» ሲባል «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያልፋል።

*

የትምህርት ክፍል ምርጫ ደረሰ። አንደኛ ሕክምና፣ ሁለተኛ ፋርማሲ፣ ሦስተኛ ሜዲካል ላቦራቶሪ ብሎ ሞላና ለአባቱ ደወለ።

«ላቦራቶሪ ያ ሰገራ የሚያየው ነው?»

«አዎ አባባ፤ ደምም ያያል፣ ብዙ ነገር ያያል።»

«ሰገራ ለማየት ነው አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩህ?»

ሦስተኛውን ወደ ነርሲንግ ቀየረው።